በቀይ የማይሻገረው ሰው

ሬሳው ከዜብራው አሥራ ስድስት ሜትር ወዲያ ተጋድሟል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማው አልፎ ሄዶ የጉልት ሻጮች መደብ ሥር ወድቋል። ዱላው ግን ዜብራው ላይ ቀርቷል፤ አምስተኛው ነጭ መስመር ላይ። ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ሦስቱንም በሜትር ለካች፣ ጻፈች፣ ደግማ ለካች። ሁለተኛው ልክ ከመጀመሪያው ካልገጠመ ሦስተኛ የምትለካ ሴት ናት። የፍኖተ ሰላም ፖሊሶች «ሠርክአዲስ ጥላዋን ሳትለካ ከቤት አትወጣም» እያሉ ያሟታል።

ሟቹን ለማወቅ አልተቸገረችም። ባለወፍጮው ተስፋው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ዜብራ ላይ፣ በራሱ ፒካፕ፣ ያምሮት የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ገጭቶ ገድሏል። ያን ጊዜም መርማሪዋ ሠርክአዲስ ነበረች። «እግረኛዋ በቀይ መብራት መንገድ ውስጥ ተገኝታለች» ብላ ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ፣ መዝገቡን ዘግታዋለች።

«የእግዜር ሥራ እኮ ነው ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ክንፈሚካኤል፣ ሬሳው ላይ ነጠላ እየጣለ። «እዚያው ቦታ! ያችው መሻገሪያ!»

«እግዜር አይሱዙ አይነዳም። ሹፌሩ የት አለ?»

ሹፌሩ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። አርባ ዓመት የሚሆነው ደንዳና ሰው ነው፤ ስሙ መልካሙ። በርበሬ ጭኖ ከቡሬ ነው የመጣው። አልሸሸም፤ ራሱ ወርዶ እጁን ሰጥቷል። ሲያያት ተነሣና ራሱን ዝቅ አድርጎ «መብራቱ ለእኔ አረንጓዴ ነበር» አለ።

የባጃጅ ሹፌሩ ባምላኩም ይህንኑ መሰከረ። «እኔ ከጎን መንገድ ቀይ ይዞኝ ቆሜያለሁ። ለእኔ ቀይ ከሆነ ለአስፋልቱ አረንጓዴ ነው። ሰውዬው ዝም ብሎ ገባበት! ዓይን የለውም እንዴ?»

«የእግረኛውን መብራት አይተሃል?»

«እሱስ ወደኔ አይዞርም፤ አላየሁትም።»

ሠርክአዲስ አስፋልቱን ጎንበስ ብላ ቃኘችው። የፍሬን ምልክቱ ጥቁር ሆኖ ተጋድሟል። የሚጀምረው ግን ከዜብራው በፊት አይደለም፤ ካለፈ በኋላ ነው። ይህንንም ለካችና ጻፈች።

*

መልካሙ በጣቢያው ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ያልተጠየቀውን አይጨምርም።

«ከቡሬ ስንት ሰዓት ተነሣህ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«መንገድ ላይ ቆመሃል?»

«የትም አልቆምኩ።»

«ረዳትህ የት አለ?»

«አሞት ቀረ።»

«በገበያ ቀን፣ በርበሬ የጫነ አይሱዙ፣ ያለ ረዳት?»

«ሰው ይታመማል እኮ እመቤቴ። ምን ላድርግ?»

ሠርክአዲስ ስትጽፍ ቆየችና ቀና ብላ ጭንቅላቱን አየችው። ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። ግንባሩና ማጅራቱ ፀሐይ የጠበሰው ጥቁር ነው። ከግንባሩ በላይ ያለው ቆዳ ግን የፈዘዘና የነጣ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ያላየ። በቀኝ ቅንድቡ ላይ ያረጀ ጠባሳ አለ።

«መቼ ነው የተላጨኸው?»

«ሙቀት ነው» አለ መልካሙ። መቼ እንደሆነ አልተናገረም።

ሲወጡ ክንፈሚካኤል ሹክ አላት። «ኢንስፔክተር፣ ሰውዬው ንጹሕ ነው። አረንጓዴ ነበረለት፣ ምስክር አለው፣ አልሸሸም። አርባ ስምንት ሰዓቱ ሰኞ ጠዋት ያልቃል፤ ፍርድ ቤት ብናቀርበውም ይፈቱታል።»

«ሊሆን ይችላል» አለች። «በል የሟቹ ሚስት ዘንድ እንሂድ።»

*

እህተ ማርያም ለቅሶ ቤቱ ውስጥ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። ሠርክአዲስ አጽናንታት ለብቻዋ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«በቀይ ተሻገረ ነው የሚሉኝ?» አለች እህተ ማርያም፣ ዓይኖቿ ደርቀው። «የኔ ባል? ሠርክአዲስ፣ አንቺ የዚህ ከተማ ሰው አይደለሽም እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የከተማው ዱርዬ ሁሉ የሚስቅበትን አልሰማሽም? ያችን ልጅ ከገደለ ወዲህ ተስፋው መኪና አልነዳም። በእግሩ ነው የሚሄደው። ቀይ ከሆነ፣ መንገዱ ጭር ብሎ ውሻ እንኳ ባይኖር፣ ቆሞ ይጠብቃል። ዝናብ እየደበደበው ይቆማል። አንድ ቀን ቅዳሴ ሊያመልጠን ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ተሻገር ብዬ እጁን ብጎትተው ጮኸብኝ። ቀዩን እንደ እሳት ነው የሚፈራው። መንገዱን እንኳ አያይም፤ ዓይኑ መብራቱ ላይ ነው፣ አረንጓዴ ሲል ይገባል።»

ሠርክአዲስ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፈችው። ከሥሩ አሰመረችበት።

«ጠላት ነበረው?»

እህተ ማርያም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «የልጅቱ እናት ሽማግሌ ላከችበት። ሦስት ጊዜ። ሳያውቅ ለገደለም ደም ይደርቃል፤ የአገሩ ሥርዓት ነው። ድንጋይ ተሸክመህ ግባ፣ ይቅር ይበሉህ አልኩት። እሱ ያንቺን ወረቀት አወጣ። ‹ፖሊስ ጥፋት የለብህም ብሎኛል፤ እርቅ የሚቀመጥ ጥፋተኛ ነው። የገደላት ቀዩ ነው› ብሎ መለሳቸው። በልቡ ግን… በልቡ እንደዚያ አልነበረም። ባይሆን ለምን በዝናብ ይቆማል?»

*

ሁለተኛው ዜና የመጣው ከጉልት ሻጯ ከእማዋይሽ ነው። ሽንኩርቷን ትታ በእግሯ ጣቢያ ድረስ መጣች።

«እኔ ሐሜት አልወድም» አለች ሳትቀመጥ። «ያየሁትን ግን አየሁ። ሰው ሁሉ ሬሳውን ሲከብ፣ እናንተ ሳትደርሱ፣ ያ የመብራት ሠራተኛው ኑዕማን መሰላል አምጥቶ ምሰሶው ላይ ወጣ። አንድ ነገር ጠመዘዘ፤ ወረደ፤ መሰላሉን ይዞ ሮጠ። ሰው ሞቶ መብራት ይጠገናል?»

ኑዕማን ከቤቱ ሲያዝ ሦስት ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። ሠርክአዲስ ፊት እንደቀረበ ሳትጠይቀው ማለ።

«ወላሂ አልገደልኩም!»

«ገደልክ አላልኩም። ምሰሶው ላይ ወጥተህ ምን አደረግህ?»

«አቃናሁት።»

«ምኑን?»

እጆቹን አንሥቶ አሳያት። ምሰሶው ላይ ሁለት የእግረኛ መብራቶች አሉ። አንዱ አስፋልቱን ለሚሻገር ነው፣ ሌላው የጎኑን መንገድ ለሚሻገር። ሁለቱም በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ተሰክተዋል። ቀለበቱን በሁለት ብሎን ነው የሚያጠብቁት።

«ቀለበቱ ሩብ ዙር ዞሮ አገኘሁት» አለ ኑዕማን። «አስፋልቱን የሚሻገር ሰው የሚያየው የጎኑን መንገድ መብራት ሆኗል። የጎኑ እግረኛ አረንጓዴ የሚሆነው አስፋልቱ ላይ መኪና ሲለቀቅ ነው። ሰውዬው አረንጓዴ አይቶ ነው የገባው ኢንስፔክተር! በእኔ መብራት!»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ብሎኑን ከወር በፊት ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። በደንብ ያላጠበቅሁት መሰለኝ። ማን ያምነኛል? ልጆቼ ታዩኝ፤ አቃንቼ ሮጥኩ።»

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደሩ ነገሩን ሲሰማ ተነፈሰ፤ የቀለለት ይመስላል። «በቃ፣ ተገኘ። ብሎን አላጠበቀም፣ መብራቱ በንፋስ ዞረ፣ ሰው ሞተ፣ ማስረጃ አጠፋ። እሱን ክሰሺ፤ ሹፌሩ ሰኞ ይፈታ።»

«ንፋስ ሩብ ዙር ላይ አይቆምም» አለች ሠርክአዲስ።

«እና ማን አዞረው?»

«አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ድረስ ጊዜ አለኝ። ካላወቅሁ ኑዕማን ወህኒ ይገባል።»

*

መሰላል አስመጥታ ራሷ ወጣች። ክንፈሚካኤል ከታች በሁለት እጁ ጨብጦ «ኧረ ሰው አለ እኮ የሚወጣ!» ይላል።

ቀለበቱና ምሰሶው በሚገናኙበት ቦታ የጭቃ ተርብ ቤት ሠርታለች፤ ክረምቱ ሲወጣ በየግድግዳው የምትለጥፈውን ዓይነት። ቤቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ግማሹ ምሰሶው ላይ ቀርቷል፤ ግማሹ የለም። ስብራቱ ትኩስ ነው፤ ውስጡ ገና አቧራ አልያዘም። ቀለበቱ ሲዞር የተገመሰ ነው። ሠርክአዲስ የቀረውን ለካች፤ ሦስት ክፍል አለው። ምሰሶው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች፤ አንድ ፍርፋሪ እንኳ የለም።

«የወደቀው የት ሄደ?» አለች።

«ጭቃ እኮ ነው ኢንስፔክተር። ተረግጦ ይሆናል።»

«ተረግጦም ዱቄቱ ይቀራል።»

ቀና ብላ ቁመቱን ገመተች። ሰው ያለ መሰላል እዚያ ሊደርስ የሚችለው ከፍ ያለ ነገር ላይ ቆሞ ነው። ጣቢያው ግቢ ወደ ታሰረው አይሱዙ ተመለሱ። ከጋቢናው በላይ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ወጣች። በብረቱ ፍርግርግ መካከል፣ ሸራው በታጠፈበት ጥግ፣ የጭቃ ቁራጭ ተወትፏል። ሦስት ክፍል። በአንደኛው ውስጥ የነጣ ትል ሞቷል።

በመሐረቧ ይዛ ወደ ምሰሶው ወሰደችውና ገጠመችው። ልክ እንደ ተሰበረ ገል ገጠመ።

ክንፈሚካኤል አፉን ይዞ ቀረ። «ወየው ጉዴ! ራሱ ሹፌሩ?»

«ገና ሳይነጋ ጋቢናው ላይ ቆሞ ነው ያዞረው። አሁን ከየት እንደጠበቀው ነው የቀረኝ።»

በእግሯ ወደ ቡሬ አቅጣጫ አስፋልቱን ዳር ዳር ያዘች። መንገዱ ሽቅብ ነው። መቶ ሰማንያ ሜትር ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ አየች። ከጠብታው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ታኮ ወድቋል። መኪና ቁልቁለት ላይ እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚገባ የእንጨት ጠርብ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ገመድ ታስሮበታል።

እዚያ ቆማ ወደ ታች አየች። መብራቱ ይታያል። በላዩ ላይ የሚቆጥረው ቁጥር ይታያል። ተስፋው ሁልጊዜ ለቅዳሴ ሲሄድ የሚቆምበት ጥግም ይታያል።

ክንፈሚካኤልን የፖሊስ መኪና አስነዳችው፤ ሦስት ጊዜ። ቀዩ አሥራ ሰባት ሲቆጥር ከባሕር ዛፉ የተነሣ መኪና፣ አረንጓዴው በበራ በሦስተኛው ሰከንድ ዜብራው ላይ ይደርሳል። ሦስት ሰከንድ ደግሞ አንድ ዱላ የያዘ ሰው ከጠርዙ እስከ አምስተኛው ነጭ መስመር የሚራመድበት ነው።

«እሺ፣ ገደለው» አለ ክንፈሚካኤል ላቡን እየጠረገ። «ግን ለምን? ዘር ማንዘራቸውን አጣራን እኮ። ዝምድና የላቸው፣ የመሬት ክርክር የላቸው፣ አይተዋወቁም።»

*

ቅዳሜ ከሰዓት ቡሬ ገቡ። ክንዱ የሚባለው ረዳት አልታመመም። መናኸሪያው አጠገብ ካርታ ሲጫወት አገኙት፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ፖሊስ ሲያይ ካርታውን ጭኑ ሥር ደበቀ።

«ለካርታው አይደለም የመጣነው» አለች ሠርክአዲስ። ታኮውን አወጣች። «ይህን ታውቀዋለህ?»

ክንዱ ፈገግ አለ። «የኔ ናት! ከዋንዛ የጠረብኳት እኔ፣ ገመዷን ያሰርኳት እኔ። የት አገኛችኋት?»

«መንገድ ላይ።»

«አይ መልካሙ! ያለ እኔ እኮ አይሆንም። ታኮ የምታስገባውም የምታነሣውም ረዳት ነህ። ሹፌር መሪውን ይዞ ‹ንሣ!› ነው የሚልህ። ማስገባቱንስ ያስገባል ይሆናል፣ ማንሣት የት ለምዶ? ረግጧት አልፎ ሄዶ ነዋ!»

«አርብ ምን አለህ?»

«‹ነገ ለብቻዬ ነኝ፣ አንተ ዕረፍ› አለኝ። በስድስት ዓመት ዕረፍ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ምራቂ አገኘሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ጠጉሩንስ?»

«አዎ፣ እሱም ጉድ ነው! ጎፈሬው ትከሻው ሊደርስ ነበር። ሁለት ዓመት መቀስ አላስነካውም። ‹ስለት ነው› ይላል። ለየትኛው ታቦት ስለው ይስቃል። አርብ ማታ ድንገት ፀጉር ቤት ገብቶ ሙልጭ አደረገው። ‹ስለትህ ደረሰ?› ብለው ‹ነገ ይደርሳል› አለኝ።»

ሠርክአዲስና ክንፈሚካኤል ተያዩ። ሁለቱም ጎጃሜ ናቸው። ደም ያለበት ሰው ደሙን እስኪመልስ ጠጉሩን እንደማይቆርጥ ማንም አላስተማራቸውም፤ ያውቁታል።

«የማንን ደም?» አለ ክንፈሚካኤል መኪና ውስጥ። «ተስፋው የገደለው ያምሮትን ብቻ ነው። ያምሮት አባቷ ሞቷል፣ ወንድም የላት፣ አጎት የላት። እናቷም ብቸኛ ናት። ባለፈው ሙት ዓመት የደረደረችውን አገሩ ሁሉ ይለዋል እኮ፦

ወንድም ያላት እናት ደሟ ይመለሳል፤
በእኔ ልጅ ደም ላይ ጎማ ይመላለሳል።»

ሠርክአዲስ ግጥሙን ዛሬ ነው የሰማችው። ማኅተም ያደረገችበት ወረቀት እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ከዓይኗ አልጠፋም።

*

የያምሮት እናት ደስታነሽ የምትኖረው ማንኩሳ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ግሽ ዓባይ ጸበል ነበረች፤ አብረዋት የሄዱ ሰባት ሴቶች መሰከሩ። እሑድ ከሰዓት ተመልሳ ቤቷ አገኟት። ከራስ እስከ እግር ከል ለብሳለች። ግድግዳው ላይ የልጇ ክራንች ተሰቅሏል፤ ያምሮት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀኝ እግሯ አይታዘዝላትም ነበር።

«ሰምተዋል?» አለች ሠርክአዲስ።

«ሰማሁ። በቀይ ተሻገረ አሉ።» ደስታነሽ ይህን ያለችው እንደ ጸሎት ቀስ ብላ ነው። «ጥፋቱ የራሱ ነው አሉ። ጆሮዬ ይህን ሰማ።»

«እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ልጄ አረንጓዴ አይታ ነው የገባች። መካከል ላይ ስትደርስ ቀይ ሆነባት። ይህንን ለአንቺ ነገርኩሽ። ጻፍሽው?»

ሠርክአዲስ አልጻፈችውም ነበር። ሰከንዱን ያን ጊዜ አልለካችውም። ጥላዋን የምትለካው ሴት፣ የአንዲት አንካሳ ልጅ እርምጃ አልለካችም።

ዓይኗን ስታሸሽ ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶግራፍ አየች። ሙሽራው፣ ሙሽራዋ ደስታነሽ፣ ከኋላ ሦስት ሚዜዎች። የመሐለኛው ወጣት ነው፤ ጎፈሬው ተነፋፍቶ ይስቃል። በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ።

«ይህ ማን ነው?»

ደስታነሽ ፎቶውን ሳታይ መለሰች። «ወንድሜ።»

«ወንድም የለኝም ብለው ሙሾ ደርድረዋል። መዝገቡም የለም ይላል።»

«መዝገቡ ምን ያውቃል? የሙሽራዬ አንደኛ ሚዜ ነው። ከአባቴ ቤት ሲያወጣኝ ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ነኝ ብሎ በእናቴ ፊት ምሏል። ባሌ ሲሞት የቀበረልኝ እሱ፣ ልጄ ስትሞት ያነሣልኝ እሱ። አንቺ የጎጃም ሴት አይደለሽም? ሚዜ ምን እንደሆነ አታውቂም?»

«መልካሙ እንደሚገድለው ያውቁ ነበር?»

ደስታነሽ አሁን ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲበራና ሲጠፋ ሠርክአዲስ ተመለከተች። ደስታነሽ አላወቀችም ነበር። አሁን ነው ያወቀችው።

«ወንድም አለኝ ማለት ነው» አለች ደስታነሽ በሹክሹክታ።

*

ሰኞ ጠዋት፣ ፍርድ ቤት ሊቀርብ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ መልካሙን አስገባችው። ጠረጴዛው ላይ ታኮውን አስቀመጠች። ከአጠገቡ የተርቧን ቤት። ከአጠገቡ ከመኪናው ሣጥን የተገኘውን ብሎን መፍቻ።

መልካሙ አያቸው። «መብራቱ ለእኔ አረንጓዴ ነበር።»

«ነበር። ለእሱም ነበር። ያደረግኸው አንተ ነህ።»

የሠርጉን ፎቶግራፍ አወጣችና ጨመረችው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን አንሥቶ የተላጨ ራሱን ዳበሰ።

«ጎፈሬዬን ይዤ ብገባ ማንኛውም ጎጃሜ ፖሊስ ደም እንዳለብኝ ሳይጠይቀኝ ያውቃል ብዬ ነው» አለ።

«መላጨትህ ነው የተናገረብህ። ለምን በጥይት አልገደልከውም?»

«በጥይት ቢሞት ‹ተገደለ› ይባላል። ሰው ያዝንለታል።» ድምፁ አልተለወጠም፤ «እመቤቴ» ማለቱን ግን ተወ። «ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ስንልክ እኔም ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ሦስቴም ያንቺን ወረቀት እያውለበለበ መለሰን። ‹መብራቱ ለእኔ አረንጓዴ ነበር።› ድንጋይ ተሸክሞ አንድ ቀን ቢገባ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ደስታነሽ ይቅር ትል ነበር። እኔም ጠጉሬን በሰላም እቆርጥ ነበር። እምቢ አለ። እኔ የፈለግሁት በቀይ እንዲሞት ነው። ፖሊስ መጥቶ፣ ለክቶ፣ ጽፎ፣ ‹ጥፋቱ የሟቹ ነው› ብሎ ማኅተም እንዲያደርግበት። አንቺው እንድታደርጊበት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።»

ሠርክአዲስ ብዕሯን አስቀመጠች። «ከሰፈርከው ውስጥ ኑዕማን አለበት?»

«የቱ ኑዕማን?»

«የመብራት ሠራተኛው። አንተ ያዞርከውን በፍርሃት አቃንቶ፣ አሁን ገዳይ ተብሎ ከጎንህ ክፍል ታስሯል። ማታ ሙሉ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ከእሱ ጋር ደም አለህ?»

መልካሙ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያስል ይሰማል። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረሰ።

«እሱን አላሰብኩትም» አለ። «ልቅሶውን ሰምቻለሁ። ሌባ መስሎኝ ነበር።» ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። «ስጪኝ። የምፈርምበትን ስጪኝ፣ ሰውዬውን ልቀቁት።»

*

ኑዕማን በዚያው ቀን ተፈታ። ሠርክአዲስ ማታውን ሳትጠብቅ፣ ሩጫ ሰዓቷን ይዛ፣ የያምሮትን ክራንች ከደስታነሽ ተውሳ ዜብራው ላይ ቆመች። የመንገዱ ስፋት አሥራ አራት ሜትር ነው። የእግረኛው አረንጓዴ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይበራል። ቀኝ እግሯን ሳታሳርፍ በክራንቹ ተሻገረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ቀዩ መንገድ መካከል ላይ ያዛት። ሦስተኛው ላይ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋባት።

በማግሥቱ ለኮማንደሩ ደብዳቤ ጻፈች፦ የሁለት ዓመቱ ዘገባ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ መዝገቡ ይከፈት፤ ሰከንዱ ይጨመር። ኮማንደሩ አንብቦ «ማዕረግሽን ነው የምታስወስጂው» አላት። «ለክቼዋለሁ» አለችው።

እሑድ የደንብ ልብሷን አውልቃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትላ ማንኩሳ ሄደች። ትከሻዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። በሌላው እጇ ክራንቹን ይዛለች። ግቢው በር ላይ ቆሙ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለች ደስታነሽ ከቤቷ ደጃፍ፣ ማን እንደቆመ እያየች።

«ጥፋተኛ ይዘን መጥተናል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ አስገቢን።»

ደስታነሽ ለረጅም ጊዜ ድንጋዩን አየች። ከዚያ ክራንቹን።

«ወንድሜን አሰርሽው» አለች።

«አዎ» አለች ሠርክአዲስ።

«ከበሩ እስከ ደጃፌ ስንት ነው?»

ሠርክአዲስ በዓይኗ ለካችው። «አሥራ አራት ሜትር ይሆናል።»

«ጫማሽን አውልቂ። ቀኝ እግርሽን አንሺ። ክራንቹን ያዢና ነይ። እኔ እቆጥራለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈቱ፤ ሠርክአዲስ ራሷን ነቅንቃ ከለከለቻቸው። ድንጋዩን እንደተሸከመች ክራንቹን ብብቷ ሥር አስገባች። ተራመደች።

«አንድ» አለች ደስታነሽ። አልቸኮለችም፤ አልዘገየችም። «ሁለት። ሦስት።»

ግቢው እርጥብ ነው፤ ክራንቹ ይሰምጣል። ድንጋዩ አንገቷን ይጎትታታል። ስድስት ሲባል እንስራው ጋ ደረሰች። ዘጠኝ ሲባል የግቢው እኩሌታ ላይ ነበረች። አሥር። አሥራ አንድ። ደስታነሽ ደጃፏ ላይ ከል ለብሳ ቆማለች፤ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስባት ይመስላል፣ አትደርስም።

«አሥራ ሁለት።»

ሠርክአዲስ ግቢው ውስጥ በአንድ እግሯ ቆመች።

«ቀይ ሆነ» አለች ደስታነሽ። «እዚያው ቁሚ።»

ቆመች።